የምግባፎ በሽታ ስም

በከተማችን በኡሙዴግዌ ለቅሶም ይሁን ሠርግ፣ ማዚ ኢሎዱባ ተነስተው አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ካልተናገሩ ድግሱ የጎደለው ነገር እንዳለ ይቆጠር ነበር። ማዚ በእኛ ዘንድ አቶ እንደ ማለት ነው። ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ አንዱ ከወደ ኋላ «ማዚ፣ ግራመር ይንፉልን!» ብሎ ይጮሃል። እሳቸው መጀመሪያ እንዳልሰማ ይሆናሉ። ሁለተኛ ሲጠሩ ኮታቸውን ይቆልፋሉ፣ ሦስተኛ ሲጠሩ ይነሳሉ።

ጊዜው እንግሊዞቹ ሊሄዱ ነው እየተባለ የሚወራበት ነበር። ማዚ ኢሎዱባ ዕድሜ ልካቸውን በአገሬው ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። እንግሊዙ የተናገረውን በኢግቦኛ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በኢግቦኛ የተጯጯሁትን በእንግሊዝኛ ሲመልሱ ነው የኖሩት። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝና የእሳቸውን ብስክሌት የማይበት ቀን ብዙ ስለሆነ፣ ከግቢያቸው አልጠፋም ነበር።

የሚናገሩትን ቃል ትርጉም እንደሚያውቁ ማንም አይጠራጠርም፤ አብዛኛውንም በእርግጥ ያውቁት ነበር። አንድ ጊዜ የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር «በዚህ ቤት ኀዘን ሱፐርኑመራሪ ይሁን!» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። የሙሽራው አጎት ግን እርግማን መስሎት ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ቁጭ በል አማቻችን» አሉት፤ «ከሚፈለገው በላይ የሆነ፣ ቦታ የሌለው ማለት ነው። ለኀዘን ቦታ አይኑረው ማለቴ ነው።» አጎትየው እየሳቀ ተቀመጠና የዘንባባ ጠጁን ለእሳቸው ቀዳላቸው።

ብቻ አንድ ነገር አይችሉም ነበር። አላውቅም ማለት አይችሉም ነበር።

ምግባፎ የኦንውራ ሚስት ናት። በገበያችን የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች። ጎበዝ ነጋዴ ናት፤ ምላሷም የዚያኑ ያህል ነው፤ ዋጋ ለመቀነስ የሚከራከራት ሰው ዓሣውንም ስድቡንም ይዞ ነው የሚሄደው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ሊቆም ሲል ቀኝ እግሯ አበጠ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷ ነበር፤ ከዚያ ወደ ጉልበቷ ወጣ። ቅጠል ተቀጠቀጠላት፣ ታሸች፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ኦንውራ በጭነት መኪና አሳፍሮ ወንዙ አጠገብ ወዳለው የሚሲዮን ሆስፒታል ወሰዳት።

ሲመለሱ ምግባፎን ከደጃፏ አውርዶ እሱ ራሱ ወደ ቤት አልገባም። በቀጥታ ወደ ማዚ ኢሎዱባ ግቢ መጣ። ማዚ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ጥላው ሥር ተቀምጠዋል፤ እኔ ሰንሰለት እያጠበቅኩ ነው። ኦንውራ ሰላም እንኳ አላለም፤ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው?» አሉት ማዚ።

«ቆዩኝ ማዚ፣ ከአፌ እንዳይወድቅ ልናገረው። ኢዲዮፓቲክ!»

«እንዴት አልክ?»

«ኢ-ዲዮ-ፓ-ቲክ። ሐኪሟ ለነርሷ ነገረቻት፣ ነርሷ ደግሞ የእኛን ቋንቋ በደንብ አትችልም፤ እግሩ ኢዲዮፓቲክ ነው፣ ጨረቃዋ ስትታደስ ተመለሱ አለችን። ከሆስፒታሉ በር ጀምሬ እንዳልረሳው እየደጋገምኩት ነው የመጣሁት። መኪና ላይ አንዲት ሴትዮ ሰላም ስትለኝ እንኳ አልመለስኩላትም፤ ደንቆሮ ነው ብላ ሳታዝንልኝ አልቀረችም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ማዚ ግን አልሳቁም። ቃሉን ቀስ ብለው ራሳቸው አሉት፣ ደግመውም አሉት። ፊታቸው ላይ የነበረውን አየሁት፤ ያኔ ማሰብ መስሎኝ ነበር። ቃሉን ከዚያ ቀን በፊት ሰምተውት እንደማያውቁ የነገሩኝ ኋላ ነው። የሚያውቁት ዘመዶቹን ነበር። ኢዲዮሲንክረሲ የሚል ቃል ያውቃሉ፤ የአንድ ሰው የራሱ ብቻ የሆነ ጠባይ ማለት ነው። ፓቴቲክ የሚልም ያውቃሉ፤ የሚያሳዝን፣ ስቃይ ያለበት ማለት ነው። ሁለቱን ገጣጠሟቸው።

«ከባድ ቃል ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ከባድ መሆኑንማ ተሸክሜው አውቄዋለሁ» አለ ኦንውራ። «ምን ማለት ነው?»

«ኢዲዮ የሚለው የራስ ማለት ነው። ፓቲክ የሚለው ስቃይ ነው። እንግዲህ ሲጋጠም፣ ሰው ራሱ በራሱ ላይ ያመጣው በሽታ ማለት ይሆናል።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ኦንውራ ዞሩ።

«ራሷ ነች ያመጣችው? ምግባፎ?»

«እኔ ስለ ሚስትህ አልተናገርኩም» አሉ ማዚ። «ስለ ቃሉ ነው የተናገርኩት።»

ኦንውራ ግን ይህን ልዩነት ይዞ አልሄደም። እሱ ከሄደ በኋላ ማዚ ገብተው የተማሪ መዝገበ ቃላታቸውን ገለጡ። ቃሉ የለበትም። ወጥተው እንደገና ተቀመጡና ስለ ቦዬ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን የኦንውራ ዘመዶች ተሰበሰቡ። በእኛ ዘንድ አንዲት ሴት ስታገባ የባሏ ብቻ ሚስት አይደለችም፤ ዘመዱ ሁሉ «ሚስታችን» ነው የሚላት። የጎሳው ታላቅ ኦዞኤመና በስብሰባ መክፈቻ የሚቆረሰውን የኮላ ፍሬ ቆርሰው ለሁሉም ከታደለ በኋላ ምግባፎን አስጠሯት። በርጩማ ቢሰጧትም አልቀመጥም ብላ በደህናው እግሯ ላይ ተደግፋ ቆመች።

«ሚስታችን» አሏት፤ «የነጮቹ ሐኪም ይህን በሽታ ራሷ ናት ያመጣችው ብላለች። ምን አደረግሽ?»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ።»

«በሽታ የሚገዛበትን ገበያ አሳዩኝና ሄጄ ልመልሰው። ለእኔ የሚሸጥልኝ ዓሣ ብቻ ነው።»

አንዳንዱ ሊስቅ ሲል ኦዞኤመና በዓይናቸው ከለከሉት። ዘመዶቹ በየተራ ጠየቋት። መድኃኒት ቀብረሻል? በተከለከለ ቀን እርሻ ገብተሻል? የሰው ስም ጠርተሽ ምለሻል? ሁሉንም አላደረግሁም አለች። በመጨረሻ የተወሰነው፣ ያደረገችውን እስክታስታውስና እስክትናገር ወንድሟ ዘንድ ትሂድ የሚል ነበር። ኦንውራ ቀና ብሎ አላያትም። ዓሣዋን ለገበያ ጎረቤቷ አደራ ሰጥታ፣ ዕቃዋን በጨርቅ ቋጥራ፣ እግሯን እየጎተተች ሄደች።

ወንድሟ ኢቤኔሜ ከእኛ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ይኖራል። ተቀብሏት ክፍል ሰጣት። ግን እሱም እራት እየበሉ «እህቴ፣ እውነቱን ለእኔ ብትነግሪኝስ?» ይላታል። ሚስቱም ትጠይቃታለች። የጎረቤት ሴቶች ውኃ ሲቀዱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሰው እንዲህ ሲከበብ ሳይወድ በግዱ ራሱን መፈተሽ ይጀምራል። ምግባፎም ፈተሸች፤ ፈትሻም አገኘች።

ኦዞኤመናን አስጠርታ፣ ከእሳቸው ጋር ኡዶካ የምትባለውን በእርሻ የምትዋሰናትን መበለት አስጠርታ፣ በሁለቱ ፊት ተናገረችው። የኡዶካ ባል በሞተበት ዓመት፣ ሴትየዋ ኀዘን ተቀምጣ እርሻ በማትወጣበት ጊዜ፣ ምግባፎ ብቻዋን ሄዳ ለድንበር ከተተከሉት የኦጊሪሲ ዛፎች ሁለቱን ገና ለጋ ሳሉ ነቅላ ወደ ኡዶካ መሬት አስገብታ ተክላቸው ነበር። ለባሏ እንኳ አልነገረችውም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቁራሽ መሬት ላይ ካሳቫዋን ስትነቅል ኖራለች።

ኡዶካ ወደ ምግባፎ ዞረች። ከዚያ፦

«እኔ እኮ የራሴ እርሻ ጠበበኝ ስል፣ ባሌ ስለሞተ ነው ዓለም የጠበበችኝ እያልኩ ነበር» አለች።

«አይደለም። እኔ ነኝ ያጠበብኩብሽ» አለች ምግባፎ።

ሽማግሌዎች ሄደው ቆፈሩ። ዛፎቹ መጀመሪያ የተነቀሉበት ቦታ ተገኘ። ዛፎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፣ በደሉ እንዲነጻ ለመሬቷ ዶሮ ታረደላት፣ ኡዶካ መሬቷን ተረከበች። ኦንውራ ካሳቫው ሲቆፈር ዳር ቆሞ ፊቱን አጨፍግጎ ያይ ነበር፤ ነገር ግን ምን ይላል?

የማዚ ኢሎዱባ ስም የገነነው ያኔ ነው። ገበያው ሁሉ ይህንኑ ያወራል።

«የእንግሊዝ ሐኪም እግር አይታ መሬት መገፋቱን አወቀች፣ ይገርማል!»

«ሐኪሟስ አወቀች፤ ማዚ ባይተረጉሙልን እኛ በምን እናውቅ ነበር?»

ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ሰዎች ያልገባቸውን ቃል ይዘው ይመጡላቸው ጀመር። አንዱ ከፍርድ ቤት፣ አንዱ ከግብር ቢሮ፣ አንዱ ደግሞ አለቃው ሲሰድበው የሰማውን ቃል ይዞ መጣ። ማዚ ተረጎሙላቸው። ነገር ግን እኔ ለብስክሌቱ ስሄድ ሳያቸው እንደ ድሮው አልነበሩም። አንድ ቀን ሳልጠይቃቸው «የእግሯ እብጠት ጎደለ ወይ?» አሉኝ።

«የማን?»

«የማን ይሆናል? የምግባፎ።»

«አልጎደለም። እንደዚያው ነው ይላሉ።»

«ተናዘዘች እኮ። መሬቱ ተመለሰ፣ ዶሮው ታረደ። ራሷ ያመጣችው ከሆነ ራሷ መልሳዋለች። ታዲያ ለምን አይጎድልም?»

እኔ ምን አውቃለሁ። ሰንሰለቱን አጥብቄ ስጨርስ «ነገ አንተ እየነዳህ ሆስፒታል አድርሰኝ» አሉኝ።

በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው ከኋላዬ ተቀምጠው ሄድን። አቧራው አብሮን ገባ። ሐኪሟ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለች፣ ፀሐይ ያቀላት ሴት ናት፤ ሥራ መሃል አረፍ ብላ በረንዳ ላይ ለውዝ ትበላለች። ማዚ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእንግሊዝኛ ሰላምታ ጀመሩ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ትንሽ ስለሆነ ሁሉንም አልተከታተልኩትም፤ ሰላምታው ግን ረጅም ነበር፤ ስለ ሕክምና ክብር፣ ስለ ባሕር ማዶ መምጣቷ፣ ስለ ትዕግሥቷ አንድ ሁለት ከባድ ቃል ገብቶበታል። ሐኪሟ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ጌታዬ፣ ያመመዎት ሆድዎን ነው ወይስ ወገብዎን?» አለቻቸው።

ማዚ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። ከዚያ በኋላ ያወሩት በአጭር በአጭሩ ስለነበር እኔም ገባኝ።

«አንድ ቃል ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ኢዲዮፓቲክ ምን ማለት ነው?»

«መነሻው የማይታወቅ በሽታ ማለት ነው።»

«ማን የማያውቀው?»

«እኛ። ሐኪሞቹ።»

«ሰውየው ራሱ ያመጣው ማለት አይደለም?»

«ኧረ አይደለም! ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ታዲያ አላወቅንም ብትሉ ምን ነበረበት?» አሏት።

ሐኪሟ በመገረም አየቻቸው። «ብለናል እኮ። ኢዲዮፓቲክ ስንል አላወቅንም ማለታችን ነው።»

«አላወቅንም የምትሉት በዚህ ቃል ነው?»

«ብዙውን ጊዜ።» ጥቂት አሰበችና ጨመረች። «እንዲሁ አናውቅም ስንለው ሕመምተኛው ይደነግጣል። ስም ያለው ነገር ሲሆን ይረጋጋል።»

ማዚ በሽተኞች ከሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ ጠጋ አለችላቸው። ከዚያ ተነስተን ጉዞ ጀመርን። ዳገቱ ላይ ወርደን ብስክሌቱን እየገፋን ስንሄድ ከኋላዬ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ፍርድ ቤት ሳለሁ» አሉ፤ «አንዳንድ ቀን የማላውቀው ቃል ይመጣ ነበር። ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ዳኛው ይጠብቃል። የቃሉን ዘመድ እፈልግና እገጣጥመዋለሁ።»

«ትክክል ይሆን ነበር?»

«አብዛኛውን ጊዜ።»

ስለ ቀረው ጊዜ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

መንገዱ የኢቤኔሜ ቤት ጋ ሲደርስ ቁም አሉኝ። ምግባፎ ከጥላ ሥር ያበጠ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ የዱባ ፍሬ ትፈለፍላለች። ስታየን እጇን አላቆመችም።

«ማዚ፣ ሌላ ቃል ይዘውልኝ መጡ? አንድ እግር ነው የቀረኝ።»

«ያንኑ ነው ይዤ የመጣሁት። ሐኪሟን ጠየቅኋት። ከምን እንደመጣ አይታወቅም ማለት ነው። አንቺ ያመጣሽው አይደለም።»

እጇ ቆመ።

«ያን ቀን ለባሌ የነገሩትስ?»

«ቃሉን አላውቀውም ነበር።»

«ምን አሉ?»

«አላውቀውም ነበር አልኩ።»

«ሰምቻለሁ። ደግመው እንዲሉት ብዬ ነው» አለች። አልሳቀችም። ፍሬውን ከጭኗ ላይ አራግፋ ወደ ሳህኑ መለሰችና ረዘም ላለ ጊዜ አየቻቸው። «እኔ እዚህ ተቀምጬ የሞቱ ልጆቼን ሳይቀር መረመርኩ፤ ያውቃሉ? እነሱንም በእኔ ጥፋት ያጣሁ እየመሰለኝ አንድ በአንድ አነሳኋቸው። ከመሬቱ በፊት እነሱ ጋ ነው የደረስኩት።»

ማዚ መሬት መሬት አዩ።

«መሬቱንስ?» አሉ። «ለማይሆን ነገር ነው የመለስሽው።»

«መሬቱ የኡዶካ ነው። እርስዎም ሐኪሟም ሳትመጡ የኡዶካ ነበር። ይልቅ ይህን የነገሩኝን ነገር ኡሙዴግዌ ሄደው ይንገሩ። እዚህ ለእኔ ብቻ ነግረውኝ እንዳይሄዱ።»

ማዚም ሄደው ነገሩ። በጎሳው ስብሰባ ላይ፣ ኮላ ከመቆረሱ በፊት ተነስተው ተናገሩት፤ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳይጨምሩ። መጀመሪያ ሰዉ ቀልድ መሰለው። ከዚያ ጩኸት ሆነ።

«መሬቴን!» አለ ኦንውራ ብድግ ብሎ። «እንግዲያው መሬቴ ይመለስልኛ! የተሰጠው በውሸት ቃል ነው።»

«የምን መሬት?» አሉት ኦዞኤመና። «ዛፉን የነቀለችው ሚስታችን ናት ወይስ ቃሉ?»

«ሚስታችን ናት፣ ግን...»

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

ኦንውራ ተቀመጠ። ከኋላ ያለ ሰው «ማዚ፣ ዝም ቢሉስ ምን ነበረበት? ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ነበር እኮ» አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው፣ ብዙዎቹን ያናደዳቸው ትርጉሙ መሳሳቱ ሳይሆን መነገሩ ነበር፤ ለሌላ ከተማ ሰዎች የሚኮሩበት ታሪክ ነው የተወሰደባቸው። ያም ሆኖ ማዚ ሴትን በማታውቀው ነገር ከቤቷ ስላስወጡ አንድ ፍየል ተፈረደባቸው። ማግስቱን አመጡት። ታርዶ ተበላ፤ እሳቸውም አብረው በሉ።

ከዚያ ወዲያ ኦንውራ ሚስቱን ማምጣት ነበረበት። ዝም ብሎ ሄዶ ነይ ሊላት አስቦ ነበር፤ ኢቤኔሜ ግን መልእክት ላከበት፤ «በሰው ፊት ነው ያስወጣሃት፣ በሰው ፊት ትወስዳታለህ» አለው። ስለዚህ ዘመዶቹን አስከትሎ፣ በእንስራ የዘንባባ ጠጅ አስይዞ ሄደ። እኔም ሄጄ ነበር። ኢቤኔሜ አጥሩ ውጭ ፀሐይ ላይ አቁሞን ሥራ እንዳለበት ሰው ወዲህ ወዲያ ሲል ቆየ። በኋላ አስገባን፤ ኮላ ቀረበ፤ ጠጁ ተቀዳ።

ምግባፎ መጥታ እንደ ተጠየቀችበት ቀን ሳትቀመጥ ቆመች።

«ኦንውራ» አለችው፤ «እግሬ ለምንድን ነው ያበጠው?»

«አይታወቅም።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሐኪሟ ናታ። ማዚም ነገሩን።»

«እሱን ሰምቻለሁ። አንተስ ምን ትላለህ?»

ኦንውራ ዘመዶቹን አየ። ማንም አላገዘውም። «እኔ... እኔም አላውቅም» አለ።

«ያን ቀንስ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

ጽዋውን ተቀብላ ጠጣችለት። እኛ ዘንድ ነገር የሚያልቀው በዚህ ነው።

ስንመለስ የጭነት መኪናው አልፎ ስለነበር በእግር ጀመርን። ዘመዶቹ ቀደም ቀደም አሉ። እሷ በዝግታ፣ ጥቂት ሄዳ እየቆመች ነው የምትራመደው፤ ኦንውራ ደግሞ ቀድሟት እንዳይሄድ እርምጃውን ይቆጥባል። የኡዶካ እርሻ ጥግ ስንደርስ ወደ ካሳቫው እያየ «እንዴት ያለ አፈር ነበር» ብሎ አጉረመረመ።

«የማን አፈር?» አለችው።

«አይ፣ እንዲሁ ነው።»

«እንግዲያው ይህን ቅርጫት ያዝልኝ። ነገ ገበያ ነው፣ ዓሣዬን ማን እንደነካብኝ ማየት አለብኝ።»

ቅርጫቱን ተቀብሎ ራሱ ላይ አስቀመጠው። እግሯ ከዚያ በኋላም አልጎደለም፤ አልጨመረም። ብዙ ዓመት ኖረችበት።